የማንኳኳት ጾታ

ምኩራባችን ሥርዓት የሚያውቅ ምኩራብ ነው። ወንዶች ከፊት እንቀመጣለን፤ ሴቶች ከእንጨት ከለላው ጀርባ። ይህም ለሴቶች ክብር ሲባል መሆኑን ሳይሰለቹ የሚያስረዱት ወንዶች ናቸው።

በየሰንበቱ የሳምንቱን የኦሪት ክፍል የሚያነብልን የሰብሳቢያችን አማች ነበር። ድምፁ ማር ነው። ንባቡ ግን ገዳዩን ሟች፣ ሟቹን ገዳይ ያደርገዋል። ደግነቱ ከከለላው ጀርባ ልብስ ሰፊዋ አለች። የቀድሞው አንባቢያችን ልጅ ናት። አባቷ ወንድሞቿን ሲያስተምሩ እሷ ጥግ ይዛ አዝራር ስትተክል ኦሪቱን በቃሏ ያዘችው፤ ወንድሞቿ ረሱት። ስህተት ስትሰማ ትክክለኛውን ቃል ጮክ ብላ ትናገራለች፤ አማችየውም እንደገና ያነባል።

አንድ ሰንበት አሥራ አንድ ጊዜ አረመችው። ወዲያው ጉባኤ ተጠራ።

"የሴት ድምፅ ሐሳብ ይበትናል" አሉ ሰብሳቢው። በሙያቸው የጥርስ ሐኪም ናቸው።

"ስህተቱስ?" አሉ አንድ አዛውንት።

"ስህተቱ የወንድ ነው፤ ሐሳብ አይበትንም።"

ሆኖም ሕጉ ንባብ ይታረም ይላል። ከሦስት ሰዓት ውይይት በኋላ ልብስ ሰፊዋ ከለላውን እንድታንኳኳ ተወሰነ። አንዱ ተጠራጣሪ "ማንኳኳቱስ የሴት አይሆንም?" ቢል አናጢው ተነሣ፦

"እንጨቱን የሠራሁት እኔ ነኝ። ድምፁ የእኔ ነው።"

ጉባኤው በእፎይታ አጸደቀ።

ማንኳኳት ግን መሳሳትህን እንጂ ትክክሉን አይነግርህም። በቀጣዩ ሰንበት አማችየው አንዱን ቃል አምስት ጊዜ እየገለባበጠ ሲሞክር የምሳ ሰዓት አለፈ። የተራበ ጉባኤ ደግሞ ለመወሰን ፈጣን ነው፤ ማንኳኳትም ተከለከለ። ሰብሳቢው ራሳቸው ሊነግሯት ወደ ስፌት ሱቋ ሄዱ።

"እህቴ፣ ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ ይባል የለ? አንቺ እኮ የተከበርሽ ነሽ።"

ልብስ ሰፊዋ መቀሷን አስቀመጠች። "አባዬ ሲሞት 'ስህተት ሰምተሽ ዝም እንዳትዪ' ብሎኛል። ታዲያ ምን ላድርግ ይላሉ?"

"ተከበሪ በቃ።"

በሚቀጥለው ሰንበት ከንፈሯን ነክሳ ተቀመጠች። አማችየው እንደ ውሃ አወረደው። ግማሾቻችን መጽሐፋችንን ገልጠን አንቀላፍተን ነበር፤ ቢሆንም ሲያበቃ ተነሥተን ጨበጥነው። ሰብሳቢው "ስህተት ያመጣብን ማረም ነበር" ብለው ንግግር አደረጉ። ሰንበት ሲወጣም ቃሉ በቃለ ጉባኤ ሰፈረ።

በማግስቱ ጠዋት አማችየው ፊቱ አመድ መስሎ የስፌት ሱቁ በር ላይ ቆመ።

"እትዬ፣ ትናንት ያነበብኩት... ያለፈውን ሳምንት ክፍል ነው አይደል?"

"አዎ ወንድሜ። ለዚያም ነው የቀናህ፤ ባለፈው ሳምንት እያንኳኳሁ አስጠንቼሃለሁ።"

"ወይ ጉዴ! ታዲያ ማንም አላወቀም?"

ልብስ ሰፊዋ ክሩን በመርፌዋ ቀዳዳ አሳለፈች።

"ከከለላው ጀርባ ያለነው ሁላችንም አውቀናል።"