የጋሽ ደጀን ዘንድሮ

ጳጉሜን ሲገባ ዕቅድ የማያወጣ የለም፤ ለዕቅድ የተፈጠረ ሰው ግን በየከተማው አንድ ብቻ ነው። እሱን መለየት አያስቸግርም። ሌላው ሰው በግ ሲያማርጥ እሱ ራእይ ያማርጣል፤ ሌላው ቤቱን ሲያጸዳ እሱ ግድግዳውን ለአዲስ ባነር ይለካል። የመርሳ ከተማው ደግሞ ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ዋና ዲዛይነር፣ አልፎ አልፎም ጥበቃ የሆነው ጋሽ ደጀን ነው።

የጋሽ ደጀን ድርጅት የሰርግ ካርድ፣ ባነርና የሱቅ ታፔላ የሚሠራበት፣ ከዋናው መንገድ ዳር ያለ አንድ ክፍል ነው። ሠራተኛው ካርዱን የምትነድፈው ፈይሩዝ ብቻ ናት። ስለዚህ በየዓመቱ ጳጉሜን ላይ የሚጠራው "የመላው ሠራተኞች ጉባኤ" ማለት እሷን አስቀምጦ ቆሞ መናገር ነው።

"ዕቅድ የሌለው ሰው ጎማ የሌለው ባጃጅ ነው!" ይላል። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ፈይሩዝ፣ ዘንድሮ ቀልድ የለም።"

ፈይሩዝ ዓይን አፋር ናትና በእሺታ ራሷን ትነቀንቃለች። አምናም ነቅንቃለች።

ችግሩ ጋሽ ደጀን ዲዛይነር መሆኑ ነው። ዕቅዱ ሳያምር አይሰቀልም። ፊደሉ ይመረጣል፣ ይጣላል፣ ተመልሶ ይመረጣል፤ የአደይ አበባው ቢጫ "ገና አልበሰለም" ይባላል። አምና "ሥራን በቀጠሮው ቀን እናስረክባለን" የሚለው ግብ ተሠርቶ የተሰቀለው ኅዳር ላይ ነው።

ካቻምና ደግሞ ግቡ የወልድያን ገበያ መያዝ ነበር። ከረባት አስሮ በሚኒባስ ሄደ። እዚያ አብዱልጀሊል የሚባል የሙያ ባልደረባውን አገኘ። ሰውየው ዕቅድ የሚባል ነገር እንደሌለው ሲሰማ ጋሽ ደጀን ሊፎካከረው መሄዱን ረስቶ ሲያቅድለት ዋለ። ሲመለስ ለፈይሩዝ፣ "ምስኪን! እንዴት እስከ ዛሬ ኖረ?" አላት።

ምስኪኑ አብዱልጀሊል ዕቅዱን አንድ በአንድ ፈጸመው። ማሽን ገዛ፣ ቤት አሰፋ፣ ለዲዛይነር የመስታወት ክፍል ሠራ። ዘንድሮ የቀረው "ጎበዝ ዲዛይነር መቅጠር" የሚለው ግብ ብቻ ነበር። ስልኩን አነሳና ለፈይሩዝ ደወለ።

እሷን ያማለላት መስታወቱ ነው። መርሳ ያለችበት የሀብሩ ወረዳ ሰው ካርድ አዝዞ አይሄድም፤ ከነዘመዱ ከኮምፒውተሩ ጎን ተቀምጦ ያሠራል። አክስት ቀለም ትመርጣለች፣ አጎት ጣቱን ስክሪኑ ላይ ያሳርፋል።

"ይቺ ባዶ ቦታ ምንድን ናት?"

"ለውበት ናት፣ ዓይን እንዲያርፍ…"

"እኔ እኮ ለሙሉው ወረቀት ነው የምከፍለው!"

እርግብ ይገባል፣ ጽጌረዳ ይገባል፣ መኪና ይገባል። ፈይሩዝ እምቢ ማለት አታውቅም። ስትጀምረው እንደ ልጇ የሳሳችለት ካርድ ሲታተም፣ "የማን ሥራ ነው?" ብለው ቢጠይቋት አንገቷን ትደፋለች።

በዘንድሮው ጉባኤ ላይ ግን፣ ራስ ከመነቅነቅ ይልቅ ተናገረች።

"ጋሼ፣ አብዱልጀሊል ወልድያ ነይ ብሎኛል። መስከረም ሳያልቅ መልስ እሰጠዋለሁ። ከእሱ ዲዛይነር ጎን ሰው አይቀመጥም።"

ጋሽ ደጀን ግድግዳውን የሚለካበትን ሜትር አጠቀለለ። 

"ያን የመስታወት ግብ እኮ እኔ ነኝ የጻፍኩለት" አለ በመጨረሻ። "አምሮም ነበር።"

በማግስቱ ግድግዳው ላይ አንድ መስመር ብቻ ተለጥፎ አገኘች፦ ከዲዛይነር ጎን መቀመጥ አይቻልም። በማርከር፣ በእጅ፣ ጠምሞ የተጻፈ ነው። ፈይሩዝ አላመነችም። ጋሽ ደጀን ግብ ሲያወጣ እንጂ ሲፈጽም አይታ አታውቅም።

በመጀመሪያው የገበያ ቀን እትዬ ሲቲ ከውርጌሳ መጡ፤ ለሴት ልጃቸው የሰርግ ካርድ ነው። ፊደል አልቆጠሩም፤ የጠሪዎቹ ስም አንድ በአንድ ካልተነበበላቸው አያምኑም።

"ስሙ የተዘለለ ዘመድ ሰርግ አይመጣም፤ ቢመጣም አይበላም" አሉ ወንበሩን ወደ ኮምፒውተሩ እየሳቡ።

ፈይሩዝ ዓይኗን ጨፈነች። ጋሽ ደጀን ወንበሩን ቀስ ብሎ ከእጃቸው ተቀበለና በረንዳ ላይ፣ ጥላው ውስጥ አስቀመጠላቸው።

"እዚህ ነፋስ አለ እትዬ። እኔ እመላለሳለሁ።"

ተመላለሰም። ወረቀቱን ይዞ ይወጣል፣ ስሞቹን ያነብላቸዋል፣ ይመለሳል።

"የአባቷ ወንድም ሼህ ኡበይደላ ከላይ ይሁን። የእናቴ ወገን ወርቁም ይግባ፤ ክርስቲያን ቢሆንም አጎት አጎት ነው።"

ስሞቹ ሁሉ ለፈይሩዝ ደረሷት። ከዚያ በተከፈተው በር በኩል የእትዬ ሲቲን ድምፅ ሰማች።

"አሁን እርግብ ይግባበት። ሁለት። መኪናም። ዳር ዳሩን አረንጓዴ!"

ጋሽ ደጀን ኮስተር ብሎ ገባ።

"ምን አሉ?" አለች ፈይሩዝ።

"ጥሩ ነው አሉ።"

ወጣ። "እርግቦቹስ?" ሲሉት ሰማች።

"እርግብ ከኒካሁ በኋላ ነው የሚያምረው፣ እትዬ።"

"አንተ ልጅ፣ ይህን ሁሉ ከምትንከራተት ለምን አታስገባኝም?"

"ዕቅድ ነው።"

"ዕቅዱ ምን ይላል?"

"ልጅቷ በሰላም ትሥራ ይላል።"

"ይህን ለማለት ነው ሽማግሌ ደጅ ማስቀመጥ? ብትነግረኝ ዝም ብዬ እቀመጥ አልነበር!"

"ዝም ብለው?"

እትዬ ሲቲ ጥቂት አሰቡና፣ "ኢንሻአላህ" አሉ።

ካርዱ ወጣ፤ ነጭ፣ ጠርዙ ላይ ቀጭን የወርቅ መስመር ያለው። ጋሽ ደጀን ስሞቹን ሁሉ አነበበላቸው፤ የጎደለ የለም። ወረቀቱን በመዳፋቸው ዳሰሱት። "ማሻአላህ፣ አንጀት ያርሳል" አሉና በነጠላቸው ጠቅልለው ሄዱ።

ከሰዓት በኋላ አብዱልጀሊል ደወለ።

"እሺ ፈይሩዝ፣ መቼ እንጠብቅሽ?"

"አልመጣም፣ ጋሽ አብዱልጀሊል። ይቅርታ።"

"ምነው? ደጀን መስታወት ሠራልሽ እንዴ?"

ወደ በረንዳው አየች። ጋሽ ደጀን ሸሚዙ ከጀርባው ተጣብቆ፣ ሌላ ሙሉ ቤተሰብ ፊት እጁን ዘርግቶ ቆሟል፤ የሙሽራው አጎት ጣቱን ቀስሮ ወደ ውስጥ እያመለከተ ነው።

"አይ" አለች፤ "ዕቅድ አለን።"

አብዱልጀሊል ሳቀ። ሳቁን እስኪጨርስ በጨዋነት ጠበቀችው፣ ተሰናብታው ስልኩን ዘጋች። ከዚያ ከወንበሯ ተነስታ ወደ በሩ ሄደችና የጋሽ ደጀንን ክንድ ነካ አደረገች።

"ጋሼ፣ እስቲ ግባና ውኃ ጠጣ" አለችው። "እነዚህን እኔ አነጋግራቸዋለሁ።"