የዓሣ ውሻና የዓባይ አዞ

ሻርክ ቢመጣባችሁ ምን ታደርጋላችሁ?

አትሳቁ። ባለፈው እሑድ ሬዲዮ እዚህ ደብረ ማርቆስ እቤቴ ድረስ መጥቶ የጠየቀኝ ይህንኑ ነው። ከደጄ ተነሥታ ወደ ባሕር የምትሄድ በቅሎ አርጅታ ነው የምትደርሰው፤ ሬዲዮኑ ግን ይህን ከቁም ነገር ሳይቆጥር በረጋ ድምፅ ይመክረኝ ጀመር። ባሕር ውስጥ ስትዋኙ ወይም ዓሣ በጦር ስታድኑ ሻርክ የሚባለው ትልቅ ዓሣ ቢቀርባችሁ አትደንግጡ አለ። አትጩሁ። ውኃውን አታንቦጫርቁ። ጀርባችሁን አትስጡት፤ ረጋ ብላችሁ ዓይን ዓይኑን እያያችሁት ቀስ እያላችሁ ራቁ፤ እምቢ ካለ አፍንጫውን በሉት።

ምክር የምጠላ ሰው አይደለሁም። ይህ አገር ያለ ምክር ውሎ አያድርም፤ ለታመመ መድኃኒት፣ ላላገባ ሚስት፣ ለገበሬ የዘር ቀን ሳይነግር የሚያልፍ መንገደኛ የለም። የሚያናድደኝ ሌላ ነው። መካሪው ትልቅ ሰው ሲሆን፣ በተለይ ከጀርባው ጠመንጃ ካለ፣ «ጌታዬ፣ ይህ ምክር ለየትኛው ውኃ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ይጠፋል። ሁላችንም ራሳችንን እንነቀንቃለን። ነቅንቀን ስንጨርስ ቀብር እንሄዳለን።

ብድግ ብዬ የሬዲዮኑን ጆሮ ጠምዝዤ ዘጋሁት። ያን ምክር ቃል በቃል አውቀዋለሁ። በአማርኛ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ጊዜው የጣልያን ነው። መርጡለ ማርያም የቅኔ ተማሪ ነበርኩ፤ ዕድሜዬ ሃያ ሁለት፣ ጢሜ ገና ብቅ ያለ፣ ኩራቴ ግን የመምህር። የቅኔ ተማሪን የማታውቁ ካላችሁ፣ «እንደምን አደርክ?» ቢሉት ለቃሉ ሁለተኛ ትርጉም ሳያገኝለት መልስ የማይሰጥ ፍጡር ነው። የምንበላው በልመና ነው፤ የምንጠግበው በቃል።

ከመርጡለ ማርያም ቁልቁል ግማሽ ቀን ወርዳችሁ ዓባይን ከተሻገራችሁ ወሎ ናችሁ። ድልድይ አልነበረም። ድልድዩ አያ ልየው ነበሩ። የአሻጋሪዎቹ አለቃ ናቸው፤ ነጋዴው ዕቃውን በበሬ ቆዳ ጠቅልሎ ያስረክባቸዋል፣ እሳቸውና ታናሽ ወንድማቸው ይሁኔ የተነፋ ስልቻ ደረታቸው ላይ አስረው ጥቅሉን እየገፉ፣ በቅሎውን እየነዱ፣ ዋና የማያውቀውን ሰው እየጎተቱ ያሻግራሉ። ወንዙ አዞ አለበት። ስለዚህ ከአባት የወረሱት ሕግ ነበራቸው፤ ከመግባት በፊት ድንጋይ ይወረወራል፣ ከገቡ በኋላ ደግሞ ዳር የቆመ ሁሉ፣ ቄስም ይሁን ነጋዴ፣ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ይጮኻል። ውኃው ውስጥ ያለውም ውኃውን እየደበደበ ይጮኻል። «አዞ ዝም ያለ ነገር ሲያይ የተባረከ ማዕድ ይመስለዋል» ይሉ ነበር አያ ልየው።

ጣልያን መጣና በረሃው ቁልቁል ከሚታይበት አፋፍ ላይ ምሽግ ሠርቶ አንድ ካፒቴን አስቀመጠ። ሰውዬው የባሕር ዳር ልጅ ነው። በጨርቅ የተጠቀለለ ቀጭን የዓሣ ጦር ከአገሩ ይዞ መጥቷል፤ በዚያ ዳገት ላይ ምን ሊወጋበት እንደሆነ እሱ ነው የሚያውቀው። ሕዝቡ «አባ ዓሣ» አለው። ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል ይባላል፤ አባ ዓሣ ደግሞ ባሕር ስላየ ዓባይን ናቀ። አስተርጓሚው ተሰማ የሚባል የኛው ሰው ነበር። ስሙን ያወጡለት ምስኪን ወላጆቹ ለማን እንደሚሰማ መቼ አወቁ።

ከወንዙ የሚወጣው ጩኸት ምሽጉ ድረስ ይሰማል። ካፒቴኑ ለሽፍታ የሚሰጥ ምልክት ነው አለ፤ አርበኛውን «ሽፍታ» ነው የሚለው። እናም አዋጅ ሊያጽፍ ፈለገ። የተሰማ የእጅ ጽሕፈት ለሰው የሚታይ አይደለም፣ ስለዚህ እኔን ከደብሩ አስጠሩኝ። ካፒቴኑ በምሽጉ ክፍል ውስጥ እየተንጎራደደ፣ በእጁ እየቀዘፈ፣ በወጣትነቱ ባሕር ጠልቆ ዓሣ ሲወጋ አውሬ እንደገጠመውና ዝም ብሎ ዓይን ዓይኑን በማየት እንደተረፈ ተረከ። ጩኸትና መንቦጫረቅ አውሬውን ይጠራዋል አለ። የአውሬውን ስም ሲጠራ ተሰማ ተደናቀፈ።

«ምን አለ?» አልኩት።

«ፔሼካኔ። ፔሼ ዓሣ ነው፣ ካኔ ውሻ ነው። የዓሣ ውሻ።»

«የዓሣ ውሻ የሚባል ነገር አለ?»

«እኔ ምን አውቄ! ትልቅ ነው፣ ጥርስ አለው፣ ሰው ይበላል ይላል። አዞ ብለህ ጻፍ።»

«አዞ እኮ ዓሣ አይደለም። የዓባይ ሰው ደግሞ አዞን…»

«አዞ ብለህ ጻፍ ብዬሃለሁ!»

እዚህ ላይ ብዕሬን አስቀምጬ ቢሆን ይህ ወግ አይኖርም ነበር። አላስቀመጥኩም። ጠመንጃ ፈርቼ ነው ብላችሁ ታምኑኛላችሁ፤ ለብዙ ዓመት ለሰው የነገርኩትም እንዲያ ብዬ ነው። እውነቱ ይብሳል። ቃሉ ጣፈጠኝ። «አዞ» ብዬ ሳስብ ልቤ ዘለለ፤ ብዕሬንም አጥቅሼ ከአዋጁ ራስ ላይ እንዲህ ስል ጻፍኩ፦ «ካፒቴኑ አዞ ነውና በወንዙ ዳር ማንም አይጩህ።» ሰሙ «ካፒቴኑ አዝዞ ነው» ይላል። ወርቁ ካፒቴኑ ሰው በላ ነው ይላል። ተሰማ አነበበ፣ ሰሙን ብቻ አየ፣ ማኅተም አስመታበት። እኔ በሳቅ ልፈነዳ እየደረስኩ ወጣሁ። ከዚያ ሥር «አዞ ቢመጣባችሁ አትጩሁ፣ ውኃ አታንቦጫርቁ፣ ረግታችሁ ዓይን ዓይኑን እዩት፤ የጮኸ ሃያ ጅራፍ ይገረፋል» የሚለው ተከተለ። እሱን ቅኔ የለበትም ብዬ ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም።

ደብሩ ቅጥር ውስጥ ሳምንት ሙሉ ተሳቀ። ተማሪው ሁሉ ወርቁን ተካፈለ። ሰሙ ግን ወደ ወንዝ ወረደ።

አዋጁን ለመንገደኛ እንዳነብ ታዝዤ ገበያ በዋለ ቁጥር አብሬ እወርድ ነበር። መጀመሪያ ያነበብኩ ቀን አያ ልየው አገጫቸውን ይዘው ሰሙኝ።

«እስቲ ድገመው፣ ተማሪ።»

ደገምኩት።

«ይኸ ሰውዬ የሚያወራለት ውኃ ሌላ ነው» አሉ።

ባሕር አይተው አያውቁም፤ ፔሼካኔ ሲባል አልሰሙም፤ ግን አወቁ። እኔ ደግሞ እያወቅሁ «ምን ይደረግ አያ ልየው፣ አዋጅ ነው» አልኩ። በቀጣዩ የገበያ ቀን አንድ የጨው ነጋዴ ከልማዱ የተነሣ ጮኸና እፊታችን ተገረፈ። ከዚያ ወዲያ ዓባይ ዳር ጸጥ አለ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል። ዝም ያለ ሰው ግን አዞ አፍ ይገባል።

ሦስት ሳምንት አልሞላም። አያ ልየው ቀድመው ተሻግረው ማዶ በቅሎ ይጭናሉ፤ ይሁኔ የመጨረሻውን ጥቅል እየገፋ መሐል ወንዝ ደርሷል። ከበስተታች አንድ ግንድ መጣ። ግንድ ሽቅብ አይሄድም። ሁላችንም አየነው። አዋጁን ሊያስከብር ዳር ላይ ዘብ የቆመው ወታደር ጠመንጃውን አነሣ፤ ወደ አዞው አይደለም፣ ወደ እኛ። ይሁኔ ዞሮ አየ። ሊጮህ አፉን ከፈተ፣ ወደ ዳር ተመለከተ፣ ወታደሩን አየ፣ አፉን ዘጋ። ከዚያ እኔ እንደጻፍኩለት ረጋ ብሎ ዓይን ዓይኑን አየው። ወንድሙ ጀርባቸውን ሰጥተው ገመድ ያጠብቃሉ፤ ዝምታ ደግሞ ጀርባውን ያዞረ ሰው አይጠራም። አያ ልየው ዘወር ሲሉ ከይሁኔ ደረት የተፈታው ስልቻ ብቻውን ተንሳፍፎ እግራቸው ሥር ደረሰ።

ነገሩ ለካፒቴኑ ሲነገር ምን እንዳለ ልንገራችሁ፤ ተሰማ ሳያፍር ተረጎመልን። «በደንብ አልረጋ ይሆናል» አለ።

ጥር ላይ በረሃው ሲግል አባ ዓሣ ጦሩን ይዞ ወረደ። ዓሣ ሊወጋ፣ ገላውንም ሊታጠብ። ከመሻገሪያው ትንሽ ወረድ ብሎ ውኃው የሚተኛበት ሰፊ ኩሬ አለ፤ አሻጋሪዎች ከብት እንኳ የማያስጠጉበት ነው። የነገረው የለም። እሱም አልጠየቀም። ልብሱን አውልቆ ለተሰማ አሸከመና ገባ። እውነት ለመናገር መዋኘት ያውቅበታል፤ አንዲት ጠብታ ሳያስረጭ ውኃውን ሰነጠቀው። ወታደሩ ጫማውን አውልቆ እግሩን ያሻል። ከማዶ ካለው አሸዋ ላይ አንድ ነገር ሸርተት ብሎ ውኃ ገባ።

አየሁት። አያ ልየውም አዩት፤ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ደስ አለኝ፣ አልደብቃችሁም። እግዚአብሔር አይቸኩልም እንጂ አይረሳም አልኩ በልቤ። የጮኸ ይገረፋል፤ አዋጅ ነው፤ እኔም አዋጅ አክባሪ ሰው ነኝ። ዝም አልኩ። እንዲያውም አፌን በነጠላዬ ሸፈንኩ።

አያ ልየው ጮኹ።

እንዲያ ያለ ጩኸት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልሰማሁም። ሦስት ወር የታፈነው ሁሉ አንድ ላይ ወጣ። ድንጋይ አንሥተው ወረወሩ፣ እስከ ጉልበታቸው ውኃ ገብተው በዱላቸው ደበደቡት፤ የቀሩት አሻጋሪዎችም ጅራፉን ረስተው ተከተሏቸው። አዞው ወደ መጣበት ተመለሰ። ካፒቴኑ አዞ ከጀርባው እንደነበረ ያወቀው ዳር ወጥቶ ራቁቱን እየተንቀጠቀጠ ዘወር ሲል ነው። ወታደሩ አየው። ተሰማ አየው። እኛ አየነው። ካፒቴኑ ደግሞ እንዲህ መታየቱን ይቅር የሚል ሰው አልነበረም።

«ማን ነው የጮኸው?» ብሎ አስጠየቀ።

ተሰማ በጣቱ አሳየ።

አዋጅ አዋጅ ነውና ቅጣቱ ሃያ ጅራፍ ነበር። የካፒቴን ነፍስ ስላተረፉ አሥሩ ተማረላቸው። ለጋስ ሰው ነበር።

ሲመሽ ጎጇቸው ገብቼ የተተለተለ ጀርባቸውን ቅቤ ስቀባ ተቆጣኋቸው።

«አንቱ አያ ልየው፣ ምን ነካዎት? የይሁኔን ደም ሊከፍል ሲል!»

«ማን ነው የሚከፍለው? አዞው?» አሉኝ ፊታቸውን ሳያዞሩ። «አዞው ይሁኔን ሲበላ ሰው ቀምሷል። ይኸን ከደገመ ለመደ ማለት ነው። የለመደ አዞ ጩኸት አይፈራም፣ ነጭ ጥቁርም አይለይ። ነገ እዚያ ውኃ የሚገባ ማነው? እኔ ነኝ። የሰው ልጅ ነው። ለካፒቴንህ የጮህኩ መሰለህ?»

ከዚያም ጨመሩ፦ «ደግሞ ሰውዬው ባያውቅ ይሆናል። ያገሩ ውኃ እንዲያ ይሆናል። የሚያውቅ ሰው ቢኖር ኖሮ ይነግረን ነበር።»

የሚያውቀው ሰው ቅቤ ይቀባቸው ነበር። መቀባቱን ቀጠለ።

ጣልያን ሄደ። ተሰማም ሄደ፤ የት እንደገባ አልጠየቅሁም። አያ ልየው እስኪያረጁ አሻግረው በአልጋቸው ላይ ሞቱ። እኔ ደግሞ አርባ ከምናምን ዓመት በአንድ ነገር ስጽናና ኖርኩ፦ ካፒቴኑ ውሸታም ነው፤ ምክሩ ሰው ለማስበላት የታሰበ ተንኮል ነው፤ ይሁኔን የገደለው እሱ ነው። ይህን እያልኩ እበላለሁ፣ ይህን እያልኩ እተኛለሁ። ባለፈው እሑድ ሬዲዮኑ ይህንን ወሰደብኝ። ጅራፉን አልምርለትም፣ ምሽጉንም፣ ወደ እኛ የዞረውን ጠመንጃም። ምክሩ ግን እውነት ነበር። ሬዲዮኑ ሻርክ ለሚለው ለዓሣ ውሻው፣ ለባሕሩ፣ እውነት ነበር። ወደ ዓባይ ያሻገርኩት እኔ ነኝ። ያውም ለአንዲት ቅኔ ስል። ወርቁን እኔ በላሁ፣ ሰሙ ይሁኔን በላ።

ለካ ይህን ሁሉ የማስበው ድምፅ አውጥቼ ኖሯል። ባለቤቴ እጇን እየጠረገች ከጓዳ ሮጣ መጣች።

«ምነው? ምን መጣ ብለህ ነው የምትጮኸው?»

«አዞ!» አልኳት።

«የት አለ?»

ይሁኔ መሐል ወንዝ ላይ ሆኖ አፉን ሲዘጋ ታየኝ።

«ሄዷል» አልኳት።