ጋሽ መርዕድ ያላዩት ጨዋታ

ሰው በሕይወት ሳለ እየሳቀበት፣ ሲሞት ዋና አድናቂው የሚሆን ፍጡር ገጥሟችሁ ያውቃል? እኛ አለን፤ እዚህ አሜሪካ፣ ፒዮሪያ ስትሪት የሚኖሩት ጋሽ መርዕድ።

ወንድሜ ከአሜሪካ ጦር ተሰናብቶ ኮሌጅ ሲገባ፣ እየተላተሙ በሚጫወቱት የአሜሪካ ፉትቦል የኮሌጁ ቡድን ውስጥ ለመግባት ልሞክር አለ።

«በሃያ ስድስት ዓመትህ ከሕፃናት ጋር ልትላተም? ይልቅ ትራክ ንዳ!» አሉት ጋሽ መርዕድ፣ ምግብ ቤት ውስጥ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

«ከተቀበሉኝስ መጥተው ያዩኛል፣ ጋሼ?»

«አምቡላንስ ውስጥ ሲያስገቡህ አይሃለሁ!»

ወንድሜም አብሮ ሳቀ። ቡድኑ ግን ተቀበለው። በየጨዋታው «ለጋሼ ቦታ ያዝላቸው» ይለኝ ነበር፤ እኔም አጠገቤ ባለው ወንበር ላይ ጃኬቴን አስቀምጥ ነበር። የውድድሩ ወቅት እንዳለቀ ወንድሜ በመኪና አደጋ ሞተ።

ለቅሶው ላይ ጋሽ መርዕድ የወንድሜ ፎቶ የታተመበት ቲሸርት ለብሰው ከተፍ አሉ። ማን አሳተመው? እሳቸው ናቸዋ! «ያደፋፈርኩት እኔ ነኝ፤ አንድም ጨዋታ አላመለጠኝም!» እያሉ ደረታቸውን ይደቃሉ። የሚደቁት የወንድሜን ፊት ነው።

ቀረብ ብዬ፣ «ጋሼ፣ ይህን ፎቶ ከጨዋታ በኋላ ያነሳሁት እኔ ነኝ» አልኳቸው። «ከጀርባው ጃኬት የተቀመጠበት ወንበር ይታይዎታል? እሱ የእርስዎ ነው።»