የእናት የኋላ ጎማ ኩሽኔታ ይቀየር ወይስ አይቀየር በሚል የተጠራ አስቸኳይ የቤተሰብ ስብሰባ

ቀን፦ ቅዳሜ፣ ከምሳ በኋላ
ቦታ፦ መመገቢያ ክፍል፤ ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ ተነጥፎ የተራራ ብስክሌቷ የኋላ ጎማ ተጋድሞበታል

የተገኙ፦
አባት፣ ጡረታ የወጡ የፍርድ ቤት ሬጅስትራር (ሊቀመንበር)
እናት፣ ጡረታ የወጡ አዋላጅ (የብስክሌቷ ባለቤት)
ታላቅ ልጅ፣ የፍሪጅ ጠጋኝ፣ የቤት ስሙ ፈታታው (አባል)
ሴት ልጅ፣ ነርስ (አባል)
የሴት ልጅ ባል (ጸሐፊ፤ አማች በመሆኑ ድምፅ የለውም)

በዚህ ቤት ፈታታው የልብስ ማጠቢያ ማሽኑን ፈትቶ ሳይገጥም ከቀረበት ጊዜ ጀምሮ ያለ ስብሰባ ብሎን አይፈታም። ሊቀመንበሩ ባለጉዳይ በራሷ ጉዳይ ድምፅ እንደማትሰጥ አስታወቁ። ሆኖም እናት ከተቀነሱ ምልዓተ ጉባኤው እንደሚጎድል ጸሐፊው በትሕትና ስላሳሰበ፣ ድምፃቸው ተመልሶላቸው ስብሰባው ተከፍቷል።

አጀንዳ ፩፦ ጎማው ታሟል ወይስ አልታመመም?

እናት ባቀረቡት ማብራሪያ፣ ከጓደኞቻቸው ጋር በየእሁዱ ተራራውን ሲወጡ እስካሁን ከመንገድ ይመለሱ እንደነበር፣ ነገ ግን ሴቶቹ ሁሉ ጫፍ ድረስ ለመውጣት መቁረጣቸውን፣ የኋላው ጎማ ግን እየተወላገደና እየጮኸ እንዳስቸገራቸው ገልጸዋል። ሊቀመንበሩ ድምፁ ከጎረቤት የሚመጣ ሊሆን እንደሚችል ተናግረዋል። ፈታታው ጎማውን ይዞ ቢነቀንቀው ጓ ጓ አለ፤ ቢያሽከረክረው አሸዋ እንደገባበት ወፍጮ አጉረመረመ። ነርሷ በልብ ማዳመጫዋ የጎማውን እምብርት፣ ሞዞውን፣ አዳምጣ በውስጡ ያሉት ሁለቱ ባለ ብይ የብረት ቀለበቶች፣ ኩሽኔታዎቹ፣ ማለቃቸውን አረጋገጠች። ሊቀመንበሩም እንዲያዳምጡ ተሰጣቸው። ረጅም ጊዜ ካዳመጡ በኋላ የሰሙት የራሳቸውን ልብ ሊሆን እንደሚችል ተከራክረዋል።

ከረጅም ውይይት በኋላ የጎማው መታመም በሦስት ድምፅ ተወስኗል። ሊቀመንበሩ ድምፀ ተአቅቦ አድርገዋል።

አጀንዳ ፪፦ ስለ ሕክምናው

ፈታታው እንዳስረዳው፣ አዲስ ኩሽኔታ ፍሪዘር ውስጥ ሲቆይ በመጠኑ ይኮማተራል፤ ሞዞው ደግሞ በፀጉር ማድረቂያ ሲሞቅ ትንሽ ይሰፋል፤ ያኔ ያለ ግብግብ ይገባል። እህቱ እሱ የፈታውን ማን እንደሚገጥመው ጠየቀች። የማጠቢያ ማሽኑ ነገር ሊነሣ ሲል ሊቀመንበሩ ከአጀንዳ ውጭ ነው ብለው አስቁመዋል። እናት ልብሱ አሁንም በእጅ እንደሚታጠብ በቃለ ጉባኤ እንዲሰፍር ጠይቀዋል፤ ሰፍሯል።

ሊቀመንበሩ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ብለው፣ ለጊዜው ግራሶ ተቀብቶ ጉዳዩ ክረምቱ እስኪያልፍ በእንጥልጥል እንዲቆይ ሐሳብ አቀረቡ። ነርሷ በእናቷ ዕድሜ ያለ አጥንት ሲሰበር ቶሎ እንደማይገጥም በመጥቀስ ደገፈቻቸው። ፈታታው ማንንም ላለማስቀየም ሲል ብስክሌቷ ሳሎን ውስጥ ማቆሚያ ላይ ተተክላ እናት ቴሌቪዥን እያዩ እንዲነዷት፣ ዳገት ዳገት እንዲልም የፊት ጎማዋ በወፍራም መጽሐፍ ከፍ እንዲደረግ ጠየቀ። እናት "ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም" አሉ። ሊቀመንበሩ "ሞኝ" የሚለው ቃል እንዲሰረዝ አዘዋል። ጸሐፊው እንደሚሰርዝ ቃል ገብቷል።

ከረጅም ውይይት በኋላ ሊቀመንበሩና ነርሷ ወደ ፈታታው ሐሳብ ዞረው፣ ብስክሌቷ ሳሎን እንድትተከል በሦስት ለአንድ የድምፅ ብልጫ ተወስኗል። እናት ተነሥተው ከክፍሉ ወጡ። ሊቀመንበሩ ውሃ ሊጠጡ ነው ተብሎ እንዲጻፍ አዘዋል፤ ተጽፏል። ጸሐፊው በጣም አዝኗል፤ ድምፅ ስለሌለው ግን ሐዘኑ አልተቆጠረም።

አጀንዳ ፫፦ ያልተያዘ አጀንዳ

እናት በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዘው ተመለሱ። ሲፈታ ውርጭ የለበሱ ሁለት አዳዲስ ኩሽኔታዎች ሆኑ። ከጠዋት ጀምሮ ፍሪዘር ውስጥ፣ ከአተሩ ሥር እንደነበሩ ተገልጿል። ይህ ሁሉ ክርክር ሲካሄድ ባለጉዳይዋ ጉዳያቸውን ጨርሰው የተቀመጡ መሆናቸውን ጸሐፊው በአድናቆት መዝግቧል።

"እናንተ ስታወሩ እየሞቁ ነው" አሉ እናት። "ከሞቁ እሺ ብለው አይገቡም። ደግሞ ስሙኝ፤ ያለቀው ኩሽኔታው ነው፣ እኔ አይደለሁም።"

ሊቀመንበሩ ጸሐፊው እስክሪብቶውን እንዲያስቀምጥ አዘዙ። አስቀመጠ፤ ጆሮውን ግን የሚያስቀምጥበት አልነበረውም።

"ባለፈው አንድ እሁድ ከተራራው ጉልበትሽ ደምቶ ስትገቢ አልተናገርኩም" አሉ ሊቀመንበሩ። "አንቺ ስትወጪ ከመስኮቱ አልነቃነቅም። አንድ ቀን ባትመጪስ?"

"እኔም ስወርድ ዓይኔ መስኮቱ ላይ ነው" አሉ እናት። "በል ና፣ ጎማውን ያዝልኝ።"

ስለዚህ ጉዳይ ውይይት አልተደረገም። ፈታታው አሮጌዎቹን ኩሽኔታዎች በጥቂት ምት አስወጣ፤ ነርሷ ሞዞውን በፀጉር ማድረቂያ አሞቀች። እናት አዲሱን ኩሽኔታ የሞዞው አፍ ላይ አስተካክለው፣ አሮጌውን ከላይ ደርበው፣ ጠርዝ ጠርዙን በመዶሻ ቀስ እያሉ መቱት። ዕድሜያቸውን ሙሉ ያዋለዱ ሴት ናቸውና መቼ እንደሚገፋ፣ መቼ እንደሚበቃ ያውቃሉ። ሁለተኛውም እንዲሁ ገባ። ሊቀመንበሩ ከዚህ በኋላ ስብሰባውን የመሩት ጎማውን አቅፈው፣ ወለሉ ላይ ተንበርክከው ነው። ጎማው ሲሽከረከር ምንም አልተሰማም፤ ፈታታው ራሱ ደንግጧል።

የመጨረሻ ውሳኔ

ስብሰባው ጎማው ታሟል ያለውን ጎማው ስለዳነ፣ ብስክሌቷ ሳሎን ትተከል ያለውን ደግሞ ስላፈረበት፣ ዛሬ የወሰነውን በሙሉ ሽሯል። በምትኩ እናት ነገ ጫፍ ድረስ ይውጡ የሚል ሐሳብ ለድምፅ ቀርቧል። ለጸሐፊው ለዚህ አንድ ጊዜ ብቻ ድምፅ ተሰጥቶት፣ ሁለቱንም እጆቹን አውጥቶ አንዱን እንዲያወርድ ተነግሮታል።

ውሳኔው በሙሉ ድምፅ ጸድቆ ስብሰባው በአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ተበትኗል። ሊቀመንበሩ ጎማውን በአንድ እጃቸው እንደያዙ ሌላውን ያወጡት ከሁሉም በኋላ፣ እናትን ረጅም ጊዜ ካዩ በኋላ ነው። ግን አውጥተዋል።