መሐንዲሱ እና ለሁለት የተከፈለው ኪቦርድ

በየቤቱ አንድ «ይቺማ ምን አላት!» ባይ አይጠፋም። የተበላሸ ነገር ሲያይ ዓይኑ ይበራል፤ ደህና የሚሠራ ነገር ሲያይ እጁን ይበላዋል። እንዲህ ያለ ሰው «ሁለት ቀን ስጡኝ» ካለ፣ ልባም ቤተሰብ ለሁለት ወር ይዘጋጃል።

ተርጓሚዋ ያገባችው እንዲህ ያለውን ሰው ነው። ባሏ በሙያው የሒሳብ መምህር ቢሆንም ዘመድ አዝማድ የሚያውቀው «መሐንዲሱ» በሚል ማዕረግ ነው። ማዕረጉን ራሱ ሰጥቶ ራሱ የተቀበለው ነው። የጠገነው ካውያ ዛሬም ይግላል፤ ማጥፋት የፈለገ ግን ከግድግዳው ይነቅለዋል። የጠገነው በር ይከፈታል፤ ወደ ውጭ።

አንድ ቀን ተርጓሚዋ የእጇን አንጓ አሟት ሐኪም ዘንድ ሄደች። ሐኪሙ «ኪቦርድሽ ጠባብ ስለሆነ እጆችሽ ተጠጋግተው አንጓሽ ይጣመማል» አላት። ይህንን ለባሏ መንገሯ ስሕተት ነበር።

«ለሁለት የተከፈለ ነዋ የሚያስፈልግሽ! ግራው ለግራ፣ ቀኙ ለቀኝ። እኔው እሠራልሻለሁ።»

«ተሠርቶ ይሸጣል እኮ።»

«የሚሸጠው ያንቺን እጅ የት ያውቀዋል?»

እጆቿን ወረቀት ላይ አስዘርግቶ ዙሪያቸውን በእርሳስ ነደፈ። ቀጥሎ የምግብ ጠረጴዛውን ወረሰ። እንጨት ሰርስሮ ለቁልፎቹ ቀዳዳ አወጣ፤ ጠበበ። ሞረደው፤ ሰፋና ቁልፎቹ እንደ ወተት ጥርስ ወላለቁ። ሌላ እንጨት ቆረጠ። ከዚያ ብየዳው መጣ፦ ስልሳ ቁልፍ፣ ለእያንዳንዱም ፀጉር የምታክል ሽቦ።

«ክቡር መሐንዲስ፣ ምሳ ደርሷል፤ የት ላቅርበው?»

«ዛሬ ቆመን እንብላ፤ ለጤናም ጥሩ ነው።»

በሦስተኛው ሳምንት ተርጓሚዋ ለሙከራ ተቀምጣ ስሟን ጻፈች። የኮምፒውተሩ ማያ ላይ የወጣውን አየችና «ሦስት ቋንቋ አውቃለሁ፤ ይሄ አራተኛው መሆኑ ነው» አለች። ባሏ ኪቦርዱን ገለበጠው፤ መልሶም አቀናው። ፊቱ ተለዋወጠ። ሽቦውን የበየደው ከጀርባ ሆኖ ሳለ የቁልፎቹን ተራ ያሰበው ከፊት ነበር። ግራና ቀኙ ሁሉ ተገላብጧል።

ተማሪዎቹ በፕሮግራም በደቂቃ እንደሚስተካከል ነገሩት። «ስሌቱ ተሳስቶ መልሱን አልጠግንም» ብሎ ሽቦውን አንድ በአንድ መፍታት ጀመረ። ሲፈታ አሥራ አንድ ቁልፎች በሙቀት ቀለጡበት።

ቅዳሜ ከሰዓት ተርጓሚዋ ከገበያ ስትመለስ የራሷ ኪቦርድ ሆዱ ተከፍቶ ጠበቃት። የያዘችውን መጽሐፍ ለማስረከብ የቀሯት አሥር ቀናት ነበሩ።

«ምን ነካህ?» አልጮኸችም፤ ይህ ደግሞ ከጩኸት ይብሳል።

«አሥራ አንድ ብቻ ነው የወሰድኩት።»

«ሥራዬን ነው የፈታኸው!»

ሁለት ቀን ተኮራረፉ። ሰኞ ከሥራ ሲመለስ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ሽቦውን ሊበይድ ጠረጴዛው ላይ ሲደፋ አየችው። ጣቶቹ በፕላስተር ተጠቅልለዋል። ልትቆጣው ቀረብ ስትል ዓይኗ ያ እጇ የተነደፈበት ወረቀት ላይ አረፈ። በትንሿ ጣት አጠገብ በቀጭን እርሳስ ተጽፏል፦ «እዚህ ጋ ያማታል፤ ሦስት ሚሊ ሜትር ዝቅ ይበል።» መቼም ነግራው አታውቅም። ስትጽፍ አይቶ ነው።

ያዘጋጀችውን ቁጣ ፈልጋ አጣችው።

«ካለቀ ልሞክረው» አለች። የመጨረሻዋን ሽቦ በይዶ አቀበላት።

ጻፈች። ስሟ ስሟን ሆኖ ወጣ። እጆቿ በትከሻዋ ልክ ተራርቀው አንድ ገጽ፣ ከዚያ አሥራ ሁለት ገጽ ሄደች። ሕመሙን ብትጠብቀው ብትጠብቀው ቀረ። እርግጥ አንደኛዋ ቁልፍ ስትጫን እንደ ጫጩት ትጮኻለች፤ መሐንዲሱ «እሷ ትለምዳለች» ብሏል።

መጽሐፉ በቀኑ ደረሰ። በዚያው ሳምንት ጠቡን የሰማችው ታላቅ እህቷ ከሱቅ የተገዛ፣ የሚያብረቀርቅ ኪቦርድ ይዛላት መጣች። ተርጓሚዋ ጉንጯን ስማ አመሰገነቻትና ካርቶኑን እንደታሸገ ቁም ሣጥኑ አናት ላይ ሰቀለችው።

«ምነው፣ አትከፍቺውም እንዴ?»

«እሱ ለእንግዳ ነው» አለችና ወደ ሥራዋ ዞረች።