በቆዳ የተሰፋው ፍላሽ

ቢቸና ለዓለም ካበረከተቻቸው ታላላቅ ሥራዎች መካከል የፎቶ አንሺው የያየህ ባክአፕ፣ ማለትም የፎቶ መጠባበቂያ ቅጂ፣ በክብር መዝገብ ሊሰፍር ይገባዋል። መዝገቡ እስካሁን ስላልተገዛ እዚህ ላይ አሰፍረዋለሁ።

ነገሩ በሁለት ሺህ አራት ዓ.ም. ነው። ሞጣ ላይ የአንድ ፎቶ ቤት ኮምፒዩተር ተቃጠለና የአርባ ሰርግ ፎቶ አብሮ ጠፋ የሚል ወሬ በአውቶቡስ ተሳፍሮ መጣ። ቢቸና ሲገባ ሰርጉ ሰማንያ ሆኗል፤ ደጀን ሲወርድ ሙሽሮቹም አብረው ተቃጥለዋል።

ያየህ ሦስት ቀን ምሳ አልቀመሰም። በአራተኛው ቀን የሰፈሩን ሽማግሌዎች፣ ከአንድ መሥሪያ ቤት የተወከሉ አንድ ሰው፣ ቃለ ጉባኤ እንድይዝ ደግሞ እኔን ጠርቶ፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

«የደንበኞቻችንን ምስል ደህንነት ዘላቂነት ባለው መልኩ ከማረጋገጥ አኳያ፣ የአራት ዓመት ፎቶ በሙሉ ዛሬ ወደ ፍላሽ የሚሸጋገርበት ሁኔታ ተመቻችቷል!»

ተጨበጨበ። ያየህ ኮምፒዩተሩ ላይ «ፎቶዎች» የምትለውን፣ ጥጓ ላይ ትንሽ ቀስት ያለባትን ምልክት በማውሱ ጎትቶ ፍላሹ ውስጥ ጣላት።

«አለቀ» አለ።

«አራት ዓመቱ?» አልኩት።

«አራት ዓመቱ።»

«ገና ዓይኔን ሳልጨፍን?»

«ፍላሹ የውጭ ነው፣ ወንድሜ!»

ጥርጣሬዬን ለማጥፋት እዚያው ኮምፒዩተር ላይ ፍላሹን ከፍቶ አሳየን። እውነትም ሰርጉ፣ ክርስትናው፣ ምረቃው ሁሉ ወለል ብሎ ታየ። አፈርኩ። ማፈሬም በቃለ ጉባኤ ተያዘ።

ፍላሹን ቆዳ ሰፊ እንደ ክታብ ዙሪያውን ሰፋው። ማስቀመጫው ሞጣ እንዲሆን በሙሉ ድምፅ ተወሰነ፤ ሞጣ አንዴ ስለተቃጠለች ተራዋን ጨርሳለች። ተቀባዩም የጨርቅ ነጋዴው ሐጂ አብዱሰመድ ሆኑ። እሳቸው የብረት ካዝና አላቸው፤ ከካዝናው የሚበልጠው ግን አደራ አለመንካታቸው ነው።

የሽኝቱ ዕለት አራት ሰዓት ሙሉ ንግግር ተደረገ፤ ያየህም አንድ ቃል ሳያስቀር በቪዲዮ ቀረጸ። ቪዲዮው ግን ኮምፒዩተሩ ውስጥ አልገባ አለ፤ ቦታው በፎቶ ሞልቷል። ያየህ ጥቂት አሰበ። «ሀብትን በቁጠባ ከመጠቀም አንጻር አንድ ፎቶ ሁለት ቦታ መቀመጡ ብክነት ነው» ብሎ ዋናዎቹን ደመሰሰ፤ ቆሻሻ መጣያውንም አራገፈ። የፎቶዎቹ መዳን የተከበረበት ቪዲዮ በፎቶዎቹ ቦታ ላይ ተንፈላሶ ተቀመጠ።

ዓመት እንዳለፈ ወይዘሮ ታንጉት መጡ። የባለቤታቸው የአቶ ገብረ ክርስቶስ ሙት ዓመት ደርሷል። ሰውየው ዕድሜያቸውን ሙሉ ከካሜራ ሲሸሹ ኖረው፣ ተለምነው አንዴ የተቀመጡት በልጃቸው በወይንእሸት ሰርግ ነው። አልበሙ ላይ የወጡት ሙሽሮቹ ብቻ ናቸው፤ የእሳቸው ፎቶ ኮምፒዩተር ውስጥ ቀርቷል።

«ፊቱ ከዓይኔ እየጠፋብኝ ነው፣ ልጄ። ያችን አንዷን አውጣልኝ» አሉ።

«እትዬ፣ እንደ ታቦት ነው ያስቀመጥናት!» አለ ያየህ ደረቱን ነፍቶ።

ሦስታችን ሞጣ ወረድን። ሐጂ ካዝናቸውን ከፍተው ፍላሹን እንደ ተሰፋ አወጡ።

«ዓመት ሙሉ እጄ አልነካውም። ልጄ ከፍቼ ልየው ብትለኝ እንኳ፣ አደራ ተከፍቶ ይታያል ወይ ብዬ ተቆጣኋት።»

ልጃቸው ዑሙሰልማ እዚያው ጎን የኮምፒዩተር ቤት አላት። ቆዳውን በምላጭ ቀድዳ ፍላሹን ሰካችው። አየችው። ያየህን አየችው። እንደገና ፍላሹን አየችው።

«ጋሼ፣ ይኼ እኮ ፎቶ አይደለም። ፎቶው ያለበትን ቦታ የሚያሳይ ምልክት ነው። አባቴ ዓመት ሙሉ የቆለፉበት አድራሻ ነው።»

«አድራሻውስ የት ይላል?» አለ ያየህ።

«ቢቸና። ያንተ ኮምፒዩተር ውስጥ።»

«እሱንማ ደመሰስኩት።»

ሐጂ ካዝናቸውን ቀስ ብለው ዘጉት፤ ካዝናው ከእንግዲህ ምን እንደሚጠብቅ ግን አላወቁም።

«የተደመሰሰ አንዳንዴ ይመለሳል፤ ኮምፒዩተሩን አምጣው» አለች ዑሙሰልማ። «ከደመሰስክ በኋላ ምንም አልጫንክበትም አይደል?»

ያየህ ወደ እኔ ዞረ። «ትንሽ ንግግር» አልኩለት።

ያየህ ቢቸና ተመልሶ ኮምፒዩተሩን በጋቢ ጠቅልሎ፣ በአውቶቡስ እንደ ታመመ ሰው ታቅፎ አመጣው። ወይዘሮ ታንጉት ወንበር ስበው ከዑሙሰልማ ጎን ተቀመጡ። ልጅቷ እስከ ማታ ቆፈረች። ከአራት ዓመት ፎቶ ንግግሩ ያልበላው አንድ ብቻ ተገኘ፤ የወይንእሸት ሰርግ ነው። አንድ ሰው ካሜራ አይቶ፣ ከዘራውን ጨብጦ ከዳሱ ሲሸሽ ከኋላ ይታያል። ፊት የለውም።

ያየህ ራሱን ያዘ። ወይዘሮ ታንጉት ግን ወደ ኮምፒዩተሩ ተጠግተው ድንገት ሳቁ፤ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

«እሱ ነው! ቁርጥ እሱ! አርባ ዓመት ስጠራው እንዲህ ጀርባውን ሰጥቶኝ ነው የሄደው። የተቀመጠበቱ ቢገኝ ኖሮ ሌላ ሰው ይመስለኝ ነበር።»

ከዚያ ማንንም ሳይሰበስቡ ትዕዛዝ ሰጡ። «ስድስት አድርገሽ አትሚልኝ። አምስቱ ለአምስቱ ልጆቼ፣ አንዱ ለግድግዳዬ።»

ባክአፑ በአንድ አረፍተ ነገር ተጠናቀቀ። ቃለ ጉባኤውን ይዤ ቀረሁ።

ያየህ ግን እጁን ዘረጋ። «እትዬ፣ ሰባተኛ አሳትመው ለእኔ ይስጡኝ፤ በአደራ አስቀምጥልዎታለሁ።»

ወይዘሮ ታንጉት ስድስቱን ነጠላቸው ውስጥ ሸጎጡ።

«አንተ ልጅ» አሉት፣ «አደራ ከምትቀበለኝ እንደ እሱ ጀርባህን ብትሰጠኝ ይሻለኛል።»