የጋሽ ሻንካ ትከሻ

አዲስ ሙያ የተማረ ሰው፣ ሙያው እስኪበርድለት ድረስ ከሰው ተለይቶ ቢቀመጥ ጥሩ ነበር። መንጃ ፈቃድ ባወጣ ሰሞን ሚኒባስ ውስጥ ከኋላ ተቀምጦ ፍሬን የሚረግጥ ሰው አላያችሁም? የጥርስ ሕክምና ተማሪስ፣ ስትስቁለት ሳቃችሁን ትቶ መንጋጋችሁን አይመረምርም? እኔም ከዚሁ ወገን ነኝ። አርባ ምንጭ ውስጥ ማሳጅ እየሠራሁ ነው የምኖረው። ይህን ስል ፈገግ ያለ ካለ ፈገግታውን ይጨርስና እንቀጥላለን።

በቅርቡ ከአዲስ አበባ የመጣ አሠልጣኝ የጡንቻ ፍተሻ የሚባል ነገር አስተማረን። ነገሩ ቀላል ነው። ታካሚው ክንዱን ወደ ጎን ይዘረጋል፤ «እንዳይወርድ ያዘው» ይባላል፤ ፈታሹ ከእጅ አንጓው ከፍ ብሎ ቀስ እያለ ወደ ታች ይጫናል። ክንዱ ከጸና ጡንቻው ደህና ነው፤ ከወረደ ችግር አለ። አሠልጣኛችን ሳይሰለች የደጋገመልን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ፍተሻ ትግል አይደለም፣ በለስላሳ እጅ የሚሠራ ነው።

ይህን ለሰፈሬ ለሲቀላ ሰው ማስረዳት ግን ራሱን የቻለ ሙያ ይጠይቃል። የሰፈሬን ባጃጅ ነጂ ክንዱን እንዲዘረጋ ብለምነው እጅጌውን ሰበሰበና ተመልካች ጠራ። ከኩልፎ ወንዝ ዳር ሙዝ ጭኖ የመጣ አንድ ጎረምሳ ደግሞ፣ ሳላሸንፍህ አልሄድም ብሎ ጋሪውን ደጃፌ ላይ አቁሞ ዋለ። እኔ ግን ከመንገዴ ንቅንቅ አላልኩም። እጄን እያለሰለስኩ፣ እያለሰለስኩ ሄጄ በመጨረሻ በሁለት ጣት ብቻ የምፈትሽ ሊቅ ሆንኩ። ልቤም ትንሽ ሳያብጥ አልቀረም።

ጋሽ ሻንካ ከተራራው መንደራቸው ከኦቾሎ የወረዱት እንግዲህ በዚህ ሰሞን ነው። ጋሽ ሻንካ ሸማኔ ናቸው፤ ዋናው ነገር ግን የምህረት አባት መሆናቸው ነው። ምህረት ደግሞ ላገባት የፈለግኳት ልጅ ናት። ሽማግሌ ልልክ ተሰናድቼ ሳለ፣ አባቷ ሰው እያሸ የሚኖር ምን ዓይነት ወንድ ነው፣ መጀመሪያ ልየው ብለው ነገሩን አንቀው ይዘውታል። እሳቸው እምቢ ካሉ አበቃ። ምህረት አባቷን አስቀይማ የምታገባ ልጅ አይደለችም፤ እኔም ያለ እሷ መኖርን አስቤበት አላውቅም።

ሲቀላ፣ አክስቷ ቤት ተገናኘን። ጋሽ ሻንካ ከእግር እስከ ራስ አዩኝና በጋሞኛ አንድ ነገር ተናገሩ። ትከሻዬን ያመኛል፣ ወጌሻ ከሆነ ይየኝ ነው ያሉት ብላ ምህረት ተረጎመችልኝ። እግዜር ሲሰጥ እንዲህ ነው! አማቱን እንዲያስደስት የታመመ ትከሻ በእጁ የተሰጠው ሰው ከእኔ ሌላ ማን አለ?

ወንበር አስጠግቼ ቀኝ ክንዳቸውን አስዘረጋኋቸው። በሁለት ጣቴ ጫን አደረግኩ። ንቅንቅ የለም። በመዳፌ ደገምኩት፤ አሁንም የለም። ዕድሜ ልካቸውን ሲሸምኑ የኖሩበት ክንድ ነው፣ የበር መወርወሪያ ይመስላል። ጥቂት ቆይቶ ግን ክንዱ ቀስ፣ ቀስ እያለ ወረደ። አገኘሁት! አልኩ። ከዚያማ የትከሻ ጡንቻ እንዴት እንደሚደክምና ጥበበኛ እጅ እንዴት እንደሚደርስበት ለቤተ ሰቡ ሰፊ ማብራሪያ ሰጠሁ። ቀጥዬም በዘይት አሸኋቸው። ጋሽ ሻንካ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩና ልጃቸውን አንድ ነገር ጠየቋት። ምን አሉ? ብላት፣ ምሳ በልቷል ወይ ነው የሚሉት አለችኝ።

እንባዬ መጣ። ሌላው አማች ስለ ሀብቱ ይጠየቃል፤ እኔ ስለ ምሳዬ ተጠየቅኩ። ይሄ ፍቅር ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? አክስቲቱ ከበቆሎና ከሽፈራው ቅጠል የሚሠራውን ኩርኩፋ ስታቀርብም ጋሽ ሻንካ የራሳቸውን ድርሻ ጭምር ወደ እኔ ገፉት። እኔም ጠርጌ በላሁ።

በማግስቱ ምህረት መጣች። አባትሽ ትከሻቸው ተሻላቸው ወይ? ብዬ ስጠይቃት ሳቋ አላናግር አላት። ለካ ሰውዬው ትከሻቸውን አሟቸው አያውቅም! የወረዱት የእኔን ክንድ ሊያዩ ነው። ለአክስቷም፣ ልጁ ሲጫነኝ ዝንብ ያረፈብኝ ነው የመሰለኝ፤ ሰው ፊት እንዳያፍር ብዬ ክንዴን እኔው አወረድኩለት ብለዋታል።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። በቃ፣ አለቀልኝ አልኳት። ምህረት ግን ሳቋን ገታችና አላለቀም አለችኝ። ታላቅ እህቷን ያገባው ሰው በጉልበቱ የታወቀ ነበር፤ ጉልበቱን የሞከረው ግን ሚስቱ ላይ ነው። እህቷ ተደብድባ ወደ ኦቾሎ ከተመለሰች ወዲህ ጋሽ ሻንካ እንቅልፍ የላቸውም። ስለ እኔ የተናገሩት የመጨረሻ ቃልም ይኸው ነው፤ «ይሄኛው ቢፈልግ እንኳ አይችልም። ሽማግሌውን ይላክ።»

አፈርኩ፤ ደስታዬ ግን ከእፍረቴ በለጠ። ቀኑን ሙሉ የሾፌርና የወዛደር ጀርባ ሲያሽ የሚውል ብርቱ ክንድ ነው ያለኝ ብዬ ላስተባብል? ሞኝ አይደለሁም። ይኸው ተጋብተን በሰላም እየኖርን ነው። ወደ ኦቾሎ በወጣን ቁጥር ዳገቱ ላይ የበቆሎውን ጆንያ የሚሸከሙት ጋሽ ሻንካ ናቸው። እኔ ኮፍያቸውን ይዤ ከኋላ እከተላለሁ። አጋማሹ ላይ ሲደርሱ ቆም ብለው ይዞሩና፣ ከልባቸው እያዘኑልኝ፣ «ከከበደህ አምጣው» ይሉኛል።